የሐጅ ሳል፦ ከጅማ ሳትነሱ የሚጀመር ዝግጅት

የሐጅ ወቅት ሲቃረብ መድኃኒት ቤታችን መስኮት ላይ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ዶክተር፣ እናቴ ሐጅ ልትሄድ ነው። ለሳል የሚሆን ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ስጠኝ።" ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ይህንን ብናገርም የሚሰማኝ የለም። በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ የማስረዳውን ነገር አሁን በጽሑፍ አስቀመጥኩት።

አጭሩ መልስ ይኸውና፦ አንቲባዮቲኩን ተዉት። ሐጅ ላይ ሰውን የሚያስለው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ተራውን ጉንፋን የሚያመጣው ራይኖቫይረስ አለ። ኢንፍሉዌንዛ አለ። የኮሮና ቫይረስ ዓይነቶችም አሉ። አንቲባዮቲክ አንዳቸውንም አይነካም። የሚገድለው ባክቴሪያ ነው።

ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ከተማ ሲሰባሰብ ጉንፋን ጨርሶ አይነካኝም ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ዓላማችን ሁለት ይሁን። አንደኛ፣ በዋናዎቹ የሐጅ ቀናት አልጋ ላይ እንዳትውሉ። ሁለተኛ፣ ከያዛችሁም ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች እንዳይሄድ። ሑጃጆችን ሆስፒታል ከሚያስተኙት በሽታዎች ግንባር ቀደሙ የሳንባ ምች ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ቅጠሉ የሚቆረጠው ደግሞ መካ ሳይሆን እዚህ ጅማ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ወር ጉዞ ያሰብኩት ነው።

- የሕክምና ማስክ፣ 50 ፍሬ የሚይዝ ፓኬት ሁለት። በቀን ሦስት ቢቀየር 90 ነው፣ የቀረው መጠባበቂያ።
- ሽታ የሌለው ሳኒታይዘር፣ አልኮሉ ከ60 በመቶ ያላነሰ። በእጅ ቦርሳ የሚገባው ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥ። ትልቁ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ።
- ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ሁለት።
- የኪስ ሶፍት፣ እና የተጠቀማችሁበትን የምትከቱበት ትንንሽ ፌስታል።
- ስማችሁ የተጻፈበት የውሃ ኮዳ ወይም ኩባያ።
- ዲጂታል ቴርሞሜትር። የሜርኩሪውን አትያዙ፣ ሻንጣ ውስጥ ይሰበራል።
- ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም፣ 30 ፍሬ።
- ኦአርኤስ፣ ማለትም ለምለም፣ 10 ከረጢት።
- የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም ወይም ሌላ ቋሚ መድኃኒት፦ የጉዞው ቀን በሙሉ እና የሁለት ሳምንት ትርፍ።
- ቀለሙ ነጣ ያለ ጃንጥላ እና ስስ መስገጃ።
- የክትባት ካርድ ከነፎቶኮፒው፣ እንዲሁም ሕመማችሁና የምትወስዱት መድኃኒት በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት። ለዚህ ወረቀት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

"ሽታ የሌለው" የሚለውን ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በኢሕራም ላይ፣ ማለትም ለሐጅ ነይቶ በሚገባበት የአምልኮ ሁኔታ፣ ሽቶ ክልክል ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ሳኒታይዘር ደግሞ ብዙው የሎሚ ወይም የአበባ ሽታ አለው። ሰው ይህን የሚያስታውሰው ኢሕራም ከገባ በኋላ ነው። ያኔ ሳኒታይዘሩን ሻንጣ ውስጥ ይተወዋል፣ እጁም ሳይጸዳ ይከርማል። ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት። ሻጩ ቢቆጣም ግድ የለም።

*ማስጠንቀቂያ፦* የማይያዙ ነገሮችም አሉ። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻና ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ሳዑዲ ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። ያለ ሐኪም ወረቀትና ያለ ፈቃድ አትንኳቸው። ጫት ደግሞ ጨርሶ አይያዝም። እዚህ ለእኛ የከሰዓት ወግ ማድመቂያ ነው፣ እዚያ ግን በአደንዛዥ ዕፅ ያስከስሳል፣ ያስቀጣል። "ለልጄ አድርሱልኝ" ተብሎ የሚሰጣችሁን የታሸገ ነገር ከፍታችሁ ሳታዩ አትቀበሉ።

ደረጃ 1፦ ከስድስት ሳምንት በፊት ታዩ

የግድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድረስ ሄዳችሁ ወረፋ መያዝ የለባችሁም። ጤና ጣቢያም ይበቃል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የሳንባ ሁኔታችሁ ይታይ። ምክንያቱም ጉንፋን ጤነኛን ጎልማሳ አስነጥሶት ያልፋል። ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ላይ ግን ወደ ሳንባ ይወርዳል። ልብና ኩላሊታቸው የደከመ፣ አስም ያለባቸውና ከ65 ዓመት በላይ የሆኑትም እንደዚሁ ናቸው። የስድስት ሳምንቱ ጊዜ መድኃኒት ለማስተካከልም ለክትባትም ይበቃል።

ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ካለባችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ። የአክታ ምርመራ ያስፈልጋችኋል። ቲቢ ይዞ ሑጃጆች ሚና ላይ አብረው የሚያድሩበት ድንኳን ውስጥ መግባት ለራስም ለጎረቤትም አይሆንም። "ቢያውቁብኝ ያስቀሩኛል" ብለው የሚደብቁ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ሐጁ ላይ ታሞ ከመውደቅ እዚህ ታክሞ መሄድ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ክትባቱን በጊዜው ውሰዱ

የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ነው። ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ እና ዋይ የሚባሉትን አራቱን ዓይነቶች የሚከላከለው መሆን አለበት። ሳዑዲ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ውሰዱት፣ ምክንያቱም ሰውነት መከላከያውን ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት ይመጣል። ሰው ይህን መርፌ ተወግቶ "ተከትቤያለሁ፣ ሳል አይነካኝም" ይላል። ይህ መርፌ የሚከላከለው ማጅራት ገትር የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው። መርፌው ጉንፋንን አይመለከትም።

ለሳሉ የሚቀርበው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ነው። መሥራት የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ችግሩ እንደልብ አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ከሁለት ወር በፊት ጀምራችሁ አጠያይቁ። ጅማ ካጣችሁት አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ያስፈልግላችሁ። ሁለት አዛውንት ካሉና አንድ ብቻ ከተገኘ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ይቅደሙ። ለእነዚህ ሰዎች የሳንባ ምች ባክቴሪያን የሚከላከል ክትባትም አለ። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። 60 ዓመት የሞላቸው ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ ዕድሜያቸውንና ሕመማቸውን ለባለሙያው ይንገሩ። በዚህ ዕድሜ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን ዝርዝር ስትመዘገቡ ከመጅሊሱ ውሰዱ። የአምናው ሐጂ የነገረን በቂ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ሁለት ሳምንት ተለማመዱ

ማስክ አድርጎ መራመድ ልምድ ይጠይቃል። በቀን ለግማሽ ሰዓት በእግር ሂዱ። ሰፈራችሁ የሚመች ከሆነ ወደ ጅሬን የሚወስደውን ዳገት ሞክሩት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ማስክ፣ በኋላ በማስክ። ዳገቱ ላይ የታፈናችሁ የሚመስላችሁ ከሆነ ቆም በሉ፣ አፍንጫችሁ ላይ ያለውን ሽቦ አስተካክሉ፣ በዝግታ ተንፍሱ። እዚህ ያልለመደ ሰው ጠዋፍ ላይ፣ ካዕባን ሲዞር፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው አገጩ ሥር ያወርደዋል። አገጭ ሥር ያለ ማስክ ጺም ይሸፍን እንደሆነ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

አብራችሁ ሁለት ነገር ልመዱ። አንደኛው በክርን መታጠፊያ ላይ ማሳል ነው። በመዳፍ የሚያስል ሰው በዚያው እጁ ይጨብጣል፣ ኩባያ ያቀብላል። ሁለተኛው ፊትን አለመነካካት ነው። ቫይረሱ ከእጅ ወደ ሰውነት የሚገባው በዓይን፣ በአፍንጫና በአፍ ነው። ውዱእ ማድረግ እጅን በቀን አምስት ጊዜ ውሃ ያስነካል፣ ይህ ጥሩ ነው። ሳሙናን ግን አይተካም። ከውዱእ በፊት እጃችሁን 20 ሰከንድ ያህል በሳሙና እሹት።

ደረጃ 4፦ ሽኝቱንና መንገዱን ተጠንቀቁ

ይህ ማንም የማያስበው ደረጃ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ልቆይበት።

ኢንፍሉዌንዛ ከተጋለጣችሁበት እስከሚታይባችሁ ከአንድ እስከ አራት ቀን ይወስዳል። አሁን አስቡት። ከመነሻችሁ በፊት ባለው ምሽት ቤቱ ሞልቷል። ጎረቤቱ "አፉ በሉኝ" ሊባባል መጥቷል። ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ሰው ሁሉ ያቅፋችኋል፣ ይስማችኋል። ከመካከላቸው ሁለቱ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ነው። በሦስተኛው ቀን መካ ላይ ሲያስላችሁ "የዓረብ አገር አየር አልተስማማኝም" ትላላችሁ። ሳሉን ይዛችሁ የሄዳችሁት ከራሳችሁ ሳሎን ሊሆን ይችላል።

ሽኝቱ አይቅር፣ ዱዓ የሚያስፈልገው ሰው ነው የሚሄደው። ይልቅ እንዲህ አድርጉ። ሽኝቱን ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም አድርጉት። ሳሎን ከመጠቅጠቅ ግቢው ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ይሁን። ያማቸው ሰዎች በስልክ አፉ ይባባሉ። የመጨረሻውን ሳምንት ከጉንፋናም የልጅ ልጅ ራቅ በሉ። ይህን ለአያት መንገር ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ለአያት አትንገሩ፣ የልጁን እናት ንገሯት።

ቀጥሎ መንገዱ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚበር ሰው ይገላገላል። በመኪና የሚሄደው ግን ግማሽ ቀን ሙሉ የሌላ ሰው ትንፋሽ ይተነፍሳል። የመስኮቱን ጭቅጭቅ ታውቁታላችሁ። አንዱ ሲከፍት ሌላው "ዝጋው፣ ንፋስ ይመታኛል" ይላል። ግቤ በረሃ ሲደረስ ሁሉም ይከፍታል፣ ወልቂጤ ሲቃረብ ሁሉም ይዘጋል። ንፋስ ጉንፋን አያመጣም። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ ቫይረሱም የሚጠራቀመው አየር በማይለወጥበት ቦታ ነው። ፊትና ኋላ ያሉትን ሁለት መስኮቶች ሦስት ጣት ያህል ክፈቷቸው፣ አየሩ ያልፋል። ብርድ የሚሰማው ሰው ጋቢ ይልበስ። አብሮ የሚጓዘው ሁሉ ሑጃጅ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። መንገድ ላይ ክርክሩ አያልቅም።

አውሮፕላን ውስጥ ማስካችሁን አድርጉ፣ በተለይ ስትሳፈሩና ስትወርዱ፣ ሰው ተደራርቦ በሚቆምበት ሰዓት። ቋሚ መድኃኒታችሁ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ሻንጣ ይዘገያል፣ የስኳር መድኃኒት ግን መዘግየት አይችልም።

ደረጃ 5፦ ክፍሉ ውስጥ ደንብ አውጡ

መካና መዲና ላይ በአንድ ክፍል አራት አምስት ሆናችሁ ልታድሩ ትችላላችሁ። በመጀመሪያው ምሽት፣ ሁሉም ጤነኛ ሳለ፣ ደንብ አውጡ። አንዱ ማሳል ከጀመረ በኋላ የሚወጣ ደንብ እሱን ለይቶ የማግለል ይመስላል፣ ያስቀይማል።

ደንቡ ቀላል ነው። የሚያስለው ሰው መስኮቱ ወይም በሩ አጠገብ ይተኛል፣ ማስክ ያደርጋል። አልጋዎቹ ከተጠጋጉ የአንዱ ራስ ባለበት የሌላው እግር ይሁን። ኩባያ፣ ፎጣና መፋቂያ አይጋሩም። ሰው ለሶላት ሲወጣ መስኮቱ ለ15 ደቂቃ ይከፈት። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ የክፍሉን አየር መልሶ መላልሶ ያቀዘቅዛል እንጂ አይቀይረውም። ሃያ አራት ሰዓት ተዘግቶ ኤሲ የሚሠራበት ክፍል መስኮቱ ከተዘጋው መኪና አይለይም።

ሐረም ውስጥ ጠዋፍ ስታደርጉ ሰው የሚቀንስበትን ሰዓት ምረጡ። የላይኛው ፎቅ ዙሩ ይረዝማል፣ ግን ፋታ አለው። ሐጀረል አስወድን (ጥቁሩን ድንጋይ) ለመሳም መጋፋት ግዴታ እንዳልሆነ፣ ከሩቅ በእጅ ማመልከት እንደሚበቃ ኡስታዞቻችሁ ይነግሯችኋል። ለሳንባችሁም የሚበጀው እሱ ነው። ሱጁድ በራሳችሁ መስገጃ ላይ ይሁን። ስትወጡ እጃችሁን አጽዱ።

ዘምዘም በራሳችሁ ኮዳ ጠጡ። "ቀዝቃዛ ዘምዘም ጠጥቼ ነው የታመምኩት" የሚል ሰው አይጠፋም። ቅዝቃዜው የቆሰለ ጉሮሮን ይኮሰኩሳል፣ ቫይረስ ግን አይደለም። ካልተስማማችሁ ያልቀዘቀዘውም በየቦታው አለ። ውሃ መተው ግን የለም። የደረቀ ጉሮሮና አፍንጫ ቫይረሱን አጥቦ የማስወጣት አቅሙ ይቀንሳል።

*ስለ ማስክና ኢሕራም፦* ወንድ በኢሕራም ራሱን አይሸፍንም፣ ሴትም ኒቃብ አታደርግም። ማስክን ግን ለጤና ሲያስፈልግ የፈቀዱ ዑለማ ብዙ ናቸው፣ የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴርም ሰው በሚበዛበት ቦታ እንዲደረግ ይመክራል። ዝርዝሩን ከእኔ አትውሰዱ። ከመነሳታችሁ በፊት የምታምኑትን ኡስታዝ ጠይቁና ልባችሁ ያርፍ። ሚና ላይ የሚጀመር ክርክር ማስኩን ያስወልቃል።

ደረጃ 6፦ ሚና፣ ዐረፋና ሙዝደሊፋ

ዋናው ፈተና ከዙልሒጃ 8 ጀምሮ ያሉት ቀናት ናቸው። ድካም አለ፣ እንቅልፍ የለም፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ መካ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ ነበር። የደከመና ውሃ ያነሰው ሰውነት ለቫይረስ የተከፈተ በር ነው። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት እንቅልፍና ውሃን እንደ መድኃኒት ቁጠሩት።

1. ከሚና በፊት ያሉትን ሁለት ቀናት ዕረፉ። ተጨማሪ ዑምራና ገበያ ይቆይ። ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚህ ነው።
2. ድንኳን ውስጥ ስትገቡ ቦታ ምረጡ። በሩ አጠገብ ያለው ጫጫታ አለው፣ አየር ግን አለው። ራስና እግር የማፈራረቁ ደንብ እዚህም ይሠራል።
3. ማስኩን ድንኳን ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይና ጠጠር ወደሚወረወርበት ጀመራት ስትሄዱ አድርጉ። በላብ ከረጠበ ቀይሩት። እርጥብ ማስክ አየር አያሳልፍምና ትንፋሹ በጎን ይገባል፣ ይወጣል። ዐረፋ ሜዳ ላይ ለብቻችሁ ጥላ ሥር ከተቀመጣችሁ አውልቁትና ተንፍሱ።
4. ሙዝደሊፋ ላይ የሚታደረው ሜዳ ላይ ነው። አየሩ ክፍት ስለሆነ ከድንኳኑ ይሻላል። አቧራው ግን አስም ያለበትን ሰው ይቀሰቅሳል። መተንፈሻ መድኃኒታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይጠቅምም።
5. ጀመራት ለቡድናችሁ በተመደበው ሰዓት ሂዱ። ግፊያው የሚቀንሰው በዚያ ነው።
6. አፍንጫ በኢሕራም ጨርቅ ጫፍ አይጠረግ። ሳቅ ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን በብዛት የሚደረግ ነው። ጨርቁ ቀኑን ሙሉ ፊትና እጅ ይነካል።

ጸጉር ስትላጩም አዲስ ምላጭ አስከፍቱ። እሱ የሳል ጉዳይ ሳይሆን የጉበት ቫይረስ ጉዳይ ነው፣ ካነሳሁት አይቀር ብዬ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። አንዳንዴ ሑጃጆችን ግመል ወደሚታለብበት ቦታ ይወስዷቸዋል። አትሂዱ። መርስ የተባለው ከባድ የሳንባ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2012 የታወቀው ሳዑዲ ውስጥ ነው፣ ወደ ሰው የሚሻገረውም ከግመል ነው። ግመል አትዳስሱ፣ ያልተፈላ የግመል ወተትም አትቅመሱ።

ደረጃ 7፦ ሳሉ ከመጣ

አትደንግጡ። ተራ ጉንፋን በሳምንት ውስጥ ይቀላል። ደረቅ ሳሉ ግን ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም ሁለት ሦስት ሳምንት ሊከርም ይችላል።

መጀመሪያ ትኩሳታችሁን ለኩ። ፓራሲታሞል ከመዋጣችሁ በፊት ይሁን፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል። ከዚያ ማስክ አድርጉ፣ ዕረፉ፣ ውሃና ኦአርኤስ ጠጡ። ለትኩሳትና ለራስ ምታት ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ነው። በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ከመዋጡ በፊት ሐኪም ይጠይቅ። ለሳሉ ማር በሞቀ ውሃ ጉሮሮን ያለሰልሳል። ዝንጅብልም አይጎዳም። የስኳር ሕመምተኛ ማሩን ይተወው።

*ማስጠንቀቂያ፦* "የጉንፋን" ተብለው የሚሸጡ ድብልቅ ክኒኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለባቸው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚውጥ ሰው ሳያውቀው ከልክ ያልፋል፣ ጉበቱን ይጎዳል። አፍንጫ የሚከፍቱ ክኒኖች ደግሞ የደም ግፊትን ይጨምራሉ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች በዚያ ሙቀት፣ ውሃ ባነሰው አዛውንት ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ። መንገድ ላይ የተዋወቃችሁት ሰው "እኔን ያዳነኝ" ብሎ የሚሰጣችሁን ክኒንም አመስግናችሁ መልሱ።

አሞክሳሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክስ? ቅድም ብያለሁ። ቫይረሱን አይነካም፣ ሆድ ያስቀምጣል፣ በሙቀት ላይ ተቅማጥ ሲጨመር ሰውነት ይደርቃል። በኋላ እውነተኛ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ቢመጣ ደግሞ የተላመደ ባክቴሪያ ይጠብቃችኋል።

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ከታየ ግን ክፍል ውስጥ አትቆዩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ፦

- ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ማጠር፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መጨረስ አለመቻል
- በደቂቃ 30 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መተንፈስ፤ ሰዓት ይዛችሁ ደረቱን እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ
- የደረት ውጋት፣ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ
- የከንፈር መጥቆር
- መቀባዠር፣ ሰው አለመለየት
- ከሦስት ቀን ያለፈ ትኩሳት፣ ወይም ለቆ እንደገና የተመለሰ ትኩሳት
- ውሃ አልጠጣም ማለት፣ ሽንት መቅረት

ለቆ የተመለሰው ትኩሳት ብዙ ሰው ያዘናጋል። ቫይረሱ ሲለቅ ባክቴሪያ ተከትሎት መግባቱን ሊያመለክት ይችላል፣ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው፣ ሐኪም አይቶ ሲያዝ። አዛውንት ላይ ደግሞ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ምግብ የተዉ፣ ዝም ያሉ፣ ነገር የሚዘነጉ እናት ካሉ "ደክሟቸው ነው" ብላችሁ አትለፉ። መቀባዠሩ ከሙቀት የመጣም ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን አስቸኳይ ነው፦ ወደ ጥላ ውሰዷቸው፣ ሰውነታቸውን በውሃ አቀዝቅዙ፣ እርዳታ ጥሩ።

ስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው እስከ አደጋ ምልክቱ አይጠብቅ። ትኩሳትና ሳል በጀመረበት ቀን ይታይ። ለኢንፍሉዌንዛ የቫይረስ መድኃኒት አለ፣ ይበልጥ የሚሠራውም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ሳዑዲ ውስጥ አምቡላንስ 997 ነው። የጤና ሚኒስቴሩ የምክር መስመር 937 ነው። ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ስልክ ለማይነካኩ ወላጆች በወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያቸው ጋር አንጠልጥሉላቸው። ጀመራት መሄድ ላቃተው ሕመምተኛ ሌላ ሰው እንዲወረውርለት የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ። የቡድናችሁን ኡስታዝ ጠይቁ እንጂ እየተጎተታችሁ አትሂዱ።

ደረጃ 8፦ ጅማ ስትመለሱ

የሚቀበላችሁ ሰው ከሸኛችሁ ይበልጣል። ሐጂን መጎብኘት፣ ዱዓ ማስደረግ፣ ዘምዘምና ቴምር መቅመስ አለ። ቫይረሱም ቤት የሚገባው ያኔ ነው።

የምታስሉ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማስክ አድርጋችሁ ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ሰላምታ ማንም አይቀየምበትም። ዘምዘሙን በአንድ ኩባያ አታዙሩ፣ ለእያንዳንዱ በራሱ ይቀዳለት። አራስ ቤት፣ ነፍሰ ጡርና አስመኛ ጋ ሳሉ እስኪለቅ አትሂዱ። አራስ ቤት ሄዶ ሕፃን ባርኩ ስትባሉ እምቢ ማለት የሚከብድ ከሆነ በሩ ላይ ሆናችሁ ዱዓ አድርጉ።

ከተመለሳችሁበት ቀን ጀምሮ 14 ቀን ቁጠሩ። በእነዚህ ቀናት ትኩሳትና ሳል፣ በተለይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሕክምና ሂዱ። በሩ ላይ ያለውን ሰው መጀመሪያ የምትነግሩት "ከሐጅ ነው የመጣሁት" የሚለውን ይሁን። መርስ ከተጋለጡበት እስኪታይ እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ይህን ያልሰማ ባለሙያ እንደ ተራ ጉንፋን ሊያልፋችሁ ይችላል። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ ሦስት ቦታ ታክመው ነው ወደ እኔ የመጡት። ከየት እንደተመለሱ የጠየቃቸው አልነበረም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። እግዜር ይስጣቸው፣ መጨረሻ ላይ ለአራተኛው ሐኪም ነገሩት።

ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ "የሐጅ ሳል ነው፣ ይለቃል" አይባልም። አክታችሁን አስመርምሩ። የተረፈውን ፓራሲታሞል ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ። ቴርሞሜትሩን በሳኒታይዘር ጠርጋችሁ አኑሩት፣ የሚቀጥለው ዓመት ሐጅ የሚሄደው ጎረቤት መጥቶ ይዋሰዋል።